የወደብ ዋና ውድድር፦ ከመመዝገብዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የውድድር ማስታወቂያ ላይ የሚያዩት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሜዳሊያ ያጠለቀ፣ ፎጣ የተከናነበ፣ ፊቱ በሳቅ የፈካ ሰው። ያ ሰው ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደቆየ፣ አጅባው ለተጓዘችው ጀልባ ስንት እንደከፈለ፣ አብረውት ከገቡት ውስጥ ስንቱ መሀል መንገድ ላይ ተጎትተው እንደወጡ ፎቶው አይነግርዎትም። አዘጋጁም ካልጠየቁት አይነግርዎትም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው ቦታውን መሙላት ስለሆነ ነው። መጠየቅ ደግሞ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከታች ላለው ዝርዝር በዋናነት የምጠቅሰው ቦስተን ላይት ስዊም የሚባለውን ውድድር ነው። በአሜሪካ ካሉት የክፍት ውሃ ውድድሮች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሲሆን የተጀመረው በ1907 ነው። ርዝመቱ 8 ማይል፣ ማለትም 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። መነሻው ሊትል ብሩስተር በምትባል ደሴት ላይ የቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1716 የተተከለው የመርከቦች መብራት አጠገብ ነው፤ መድረሻው ደግሞ በደሴቶቹ መካከል አልፎ ሳውዝ ቦስተን ባሕር ዳርቻ። ቦስተንና ካምብሪጅ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዳርቻውን በደንብ ያውቁታል። የኢስታንቡሉን የቦስፎረስ ውድድርና የሆንግ ኮንጉን ወደብ ማቋረጥም አልፎ አልፎ አነሳለሁ። ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርቀቱ በፊት ሰዓቱን ይዩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ነበረበት።

• የሰዓት ገደቡ ስንት ነው? የቦስተኑ 5 ሰዓት ነው። አሁን የራስዎን ፍጥነት ይዘው ወረቀት ላይ ያስሉት። ገንዳ ውስጥ 100 ሜትር በ2 ደቂቃ የሚዋኙ ከሆነ፣ ይህንኑ ፍጥነት ሳያጓድሉ ከቀጠሉ 12.9 ኪሎ ሜትር 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይወስድብዎታል። በየግማሽ ሰዓቱ ለመጠጣት አንድ አንድ ደቂቃ ሲቆሙ ሌላ 8 ደቂቃ ይጨምሩ። 100 ሜትሩ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚፈጅብዎት ከሆነ ግን፣ አንዴም ሳይቆሙ 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። ውሃው ካልረዳዎት በስተቀር አልቋል ማለት ነው። ልብ ይበሉ፦ ከአራተኛው ሰዓት በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት ፍጥነት የሚዋኝ ሰው ጥቂት ነው።

• ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ከውሃው ያወጡዎታል? ውጤትዎ ይመዘገባል? ልብ ይበሉ፦ መሀል ላይ የሚደረግ ፍተሻም ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ደሴት ጋ በዚህ ሰዓት ካልደረሱ መጨረሻውን ሳያዩ ይወጣሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደንቡ ውስጥ እንጂ ማስታወቂያው ላይ አይደለም።

• የተጻፈው ርቀት ቀጥታ መስመር መሆኑን ያውቃሉ? ውሃው ላይ የተሰመረ መስመር የለም። ጭንቅላትዎን ቀና አድርገው ምልክት ካላዩ ወደ አንድ ጎን መንሸራተትዎ አይቀርም። 13 ኪሎ ሜትሩ 14 ሊሆን ይችላል፤ ትርፉን የሚከፍሉት በክንድዎ ነው።

• "ቀላል ነው፣ ውሃው ራሱ ይወስድሃል" ያለዎት ማን ነው? የቦስፎረስ ውድድር 6.5 ኪሎ ሜትር ነው። ከእስያው ዳርቻ ከካንሊጃ ተነስተው አውሮፓ ዳርቻ ኩሩቼሽሜ ላይ ይወጣሉ። አሸናፊዎቹ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሱታል። በገንዳ የ1,500 ሜትር የወንዶች የዓለም ክብረ ወሰን በፓሪስ ኦሊምፒክ የተመዘገበው 14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት እንኳ 6.5 ኪሎ ሜትር 63 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ እዚያ በሚያገኙት ሰዓት ውስጥ የውሃው ድርሻ አለበት። ልብ ይበሉ፦ በዚያ ሰዓት ተማምነው ሌላ ቦታ አይመዝገቡ። ያው ፍሰት መድረሻው አጠገብ ሲደርሱ ጠላትዎ ይሆናል፤ በጊዜ ወደ ዳርቻው ያልታጠፈ ዋናተኛ መድረሻውን እያየው አልፎት ይሄዳል።

ውሃው

• በውድድሩ ወር ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? "ደስ የሚል ቅዝቃዜ" የሚል መልስ አይቀበሉ፤ ቁጥር ይጠይቁ። ያለፉትን ጥቂት ዓመታት የውድድር ቀን ሙቀት ይጠይቁ። ቦስተን ወደብ በነሐሴ እንኳ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የሆቴል ገንዳ ብዙውን ጊዜ ከ26 በላይ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ነው ይባላል፤ 16 ዲግሪ አየር ሹራብ ያስለብሳል፣ 16 ዲግሪ ውሃ ግን ጣቶችዎን እንደ ማበጠሪያ ከፋፍቶ ያደርቃቸዋል። እጅዎ ውሃ መሳብ ሲያቅተው ፍጥነትዎም ስሌትዎም አብሮ ይወድቃል።

• ሙቀት የሚጠብቀው የላስቲክ ልብስ፣ ዌትሱት የሚሉት፣ ይፈቀዳል? በቦስተኑ አይፈቀድም፤ የዋና ልብስ፣ አንድ ኮፍያና መነጽር ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፦ በሌላ ውድድር "ይፈቀዳል" ሲባሉ ለሽልማት ያስቆጥራል ወይስ አያስቆጥርም ብለው ይጨምሩ። ልብሱን ገዝተው ሲያበቁ በተለየ ምድብ መመደብዎን የሚያውቁት መነሻው ላይ እንዳይሆን።

• ውሃው ከልክ በላይ ቢሞቅስ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ይህን አትዝለሉት። ጥቅምት 23 ቀን 2010 በፉጃይራ፣ በተባበሩት የአረብ ኤምሬትስ በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር የዓለም ዋንጫ ውድድር ላይ አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን ሞተ። ዕድሜው 26 ነበር፤ ጀማሪ ሳይሆን ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ደንብ የውሃውን ሙቀት ከላይ በ31 ዲግሪ ገድቦታል፤ የታችኛው ገደብ 16 ዲግሪ ነው። የእርስዎ ውድድር ግን በፌዴሬሽኑ ሥር ላይሆን ይችላል። "የእናንተ ገደብ ስንት ነው? ማን ነው የሚለካው? ስንት ሰዓት ላይ?" ብለው ይጠይቁ። ጠዋት 12 ሰዓት የተለካ ሙቀት ለረፋዱ አይሠራም።

• ወደቡ ውስጥ ምን ይፈሳል? ወደብ ከተማ አጠገብ ነው፤ ከተማ ደግሞ ፍሳሽ አለው። ሆንግ ኮንግ ከ1906 ጀምሮ ስታካሂደው የነበረውን የቪክቶሪያ ወደብ ውድድር በ1979 ያቋረጠችው በውሃው ቆሻሻ ምክንያት ነው፤ እንደገና የተጀመረው በ2011 ነው። ቦስተንም በ1980ዎቹ በወደቧ ቆሻሻ በአገር ደረጃ መሳለቂያ ነበረች፤ ዲር አይላንድ ላይ ትልቅ ማጣሪያ ተገንብቶ፣ የተጣራው ፍሳሽ በ2000 ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው ውሃው የዳነው። ዛሬ ብዙ ቀን ይዋኙበታል። ልብ ይበሉ፦ ችግሩ ዝናብ ነው። አሮጌ ቱቦ ባላቸው ከተሞች ከባድ ዝናብ ሲጥል የጎርፉና የመጸዳጃው ውሃ ተቀላቅሎ ይወጣል። በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ትራያትሎን በአንድ ቀን የተራዘመው ሴን ወንዝ በዝናብ ስለተበከለ ነው። "ከውድድሩ በፊት ዝናብ ከጣለ ውሃውን ትመረምራላችሁ? ውጤቱን ለእኛ ታሳያላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። የቲታነስና የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ጉዳይንም ለሐኪምዎ ያንሱ።

• መነሻ ሰዓቱ በምን ተወሰነ? ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ቦስተን ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ውሃ በደሴቶቹ መካከል ሲገባና ሲወጣ ወንዝ ነው የሚሆነው። ውድድሩ የሚጀመረው ውሃው ወደ ከተማው በሚገባበት ሰዓት ተመርጦ ነው። ልብ ይበሉ፦ በጭጋግ ወይም በመብረቅ ምክንያት መነሻው አንድ ሰዓት ቢዘገይ፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ተገልብጦ ፊት ለፊትዎ ይመጣል። ሲዘገይ የሰዓት ገደቡ አብሮ ይራዘማል ወይ?

ስለ ጄሊፊሽ፣ ጀልባዎች ስለሚያስነሱት ሞገድና ውሃው ላይ ስለሚያንዣብበው የናፍጣ ጭስ ብዙ አልልም። አሉ፤ ይለምዷቸዋል። የናፍጣውን ነገር ግን ለጀልባዎ ነጂ አስቀድመው ይንገሩ፦ ነፋሱ ጭሱን ወደ እርስዎ በማያመጣበት በኩል ይጓዝ።

ገንዘቡ

የመመዝገቢያው ክፍያ በትልቁ ተጽፎ ያዩታል። ከሁሉ የሚያንሰው ወጪ እሱ ሊሆን ይችላል።

• አጃቢ ጀልባ ማን ያቀርባል? በረጅም ርቀት ውድድር እያንዳንዱ ዋናተኛ የራሱ ጀልባ እንዲኖረው የሚያስገድዱ አሉ፤ የቦስተኑ አንዱ ነው። ጀልባ፣ ነዳጅ፣ ነጂ፣ አንዳንዴም ካያክ ይዞ ከጎንዎ የሚቀዝፍ ሰው። ይህ ሁሉ በክፍያው ውስጥ አለ? ወይስ "ዋናተኛው ያዘጋጃል" የምትል አንዲት መስመር ደንቡ መሀል ተሸጉጣለች? ልብ ይበሉ፦ የኪራዩ ዋጋ በሰዓት ነው ወይስ በቀን? እርስዎ ቢዘገዩ ትርፍ ሰዓቱ በማን ሒሳብ ነው? ነጂውስ ከዚህ በፊት ዋናተኛ አጅቦ ያውቃል? ዓሣ አስጋሪ ጎበዝ ባሕረኛ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ሰው ጎን አምስት ሰዓት መንዳት ግን ሌላ ሙያ ነው።

• ውድድሩ ቢሰረዝ ገንዘቤ ይመለሳል? በአየር ሁኔታ ሲሰረዝ የማይመልሱ ብዙ ናቸው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ያዛውሩልኛል ወይ ብለው ይጠይቁ። ልብ ይበሉ፦ የሚዛወረው የመመዝገቢያው ክፍያ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሆቴሉንና የጀልባውን ቀብድ ማንም አያዛውርልዎትም። "ተለዋጭ ቀን አለ" ካሉዎት፣ ያንን ተለዋጭ ቀን ለመጠበቅ ሆቴል ውስጥ የሚያድሩበትን ሌሊት ይቁጠሩት።

• እኔ ራሴ ብታመምስ? ሐኪም ቢከለክልዎት፣ ቪዛ ቢከለከሉ፣ ቦታዎን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላሉ? በስንት ክፍያ፣ እስከ መቼ?

• "የበጎ አድራጎት ቦታ" ነው የሰጡዎት? መደበኛው ምዝገባ ሲሞላ "በዚህ በኩል ይግቡ" የሚል በር ይከፈታል፤ በተወሰነ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ከወዳጅ ዘመድ ሊያሰባስቡ ይስማማሉ። ዓላማው መልካም ሊሆን ይችላል። ልብ ይበሉ፦ ካልሞላ ጎደሎው ከእርስዎ የባንክ ካርድ የሚቆረጥበት ውል አለ። ካርድዎን ሲመዘግቡ ያችን አንቀጽ ይፈልጓት። "ዕድር ያዋጣልኛል" ብለው አይግቡ።

• የብቃት ማረጋገጫው ምን ያስወጣል? ረጅም ውድድሮች ከዚህ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለተወሰነ ሰዓት መዋኘትዎን የሚያሳይ፣ ምስክር የፈረመበት ማስረጃ ይጠይቃሉ። የሐኪም ወረቀትም አለ። ሁለቱም ጊዜና ገንዘብ ናቸው። ማስረጃውን ሳያገኙ የከፈሉት ክፍያ ሊቀርም ይችላል።

• ኢንሹራንሴ ይህን ይሸፍናል? ይህን ለብቻው እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ "የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ ይተኛል። የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች ብዙ ጊዜ "ከስፖርት ውድድር የሚመጣ ጉዳት" የሚለውን አውጥተው ይተዋሉ። ኩባንያውን "ክፍት ባሕር ላይ 13 ኪሎ ሜትር የምዋኝበት ውድድር ተሸፍኗል?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል ይያዙ። አሜሪካ ውስጥ አምቡላንስ ተሳፍሮ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ማደር በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነገር ነው። አዘጋጁ "ኢንሹራንስ አለን" ሲልዎት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው እሱን እንጂ እርስዎን አይደለም።

• የሚፈርሙት ወረቀት ምን ይላል? "ለሚደርስብኝ ነገር ሁሉ ኃላፊነቱን እኔው እወስዳለሁ፤ ሞትንም ጨምሮ" ይላል፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። መፈረምዎ አይቀርም። ግን ከመክፈልዎ በፊት ተልኮልዎት ያንብቡት፤ በውድድሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመው አይደለም።

በዚህ ላይ ፎቶውን፣ የዋና ልብሱን፣ መለዋወጫ መነጽሩን፣ የሥልጠና ገንዳውን ወርኃዊ ክፍያ ይጨምሩበት። ድምሩን ለባለቤትዎ ከመንገርዎ በፊት ራስዎ ይዩት።

ማን ይቆጥርዎታል?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። ፉጃይራ ላይ ፍራን ክሪፐን መድረሻው ላይ አለመኖሩን ያስተዋሉት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። የተገኘው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው። በነሐሴ 2025 በቦስፎረስ ውድድር ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ገብቶ አንድ ሩሲያዊ ዋናተኛ ሳይወጣ ቀረ፤ መጥፋቱን ያስታወቀችው ዳርቻ ላይ ስትጠብቀው የነበረች ሚስቱ ናት።  በሁለቱም ውድድሮች ቆጠራው ጎድሏል።

• ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ የሚለውን ማን ይይዛል? "ቁርጭምጭሚት ላይ ቺፕ እናስራለን" ይሉዎታል። ቺፑ የሚነበበው መነሻና መድረሻ ላይ ባለው ምንጣፍ ላይ ሲረግጡ ነው። መሀል ባሕር ላይ የት እንዳሉ አይናገርም። "ሰው መጉደሉን በስንት ደቂቃ ውስጥ ታውቃላችሁ? እንዴት?" ብለው ይጠይቁ። "አይደርስም፣ አይዞህ" የሚል መልስ መልስ አይደለም።

• መሀል ላይ አቋርጬ ብወጣ ለማን ነው የማሳውቀው? ዝም ብሎ በጎን ወጥቶ ታክሲ የሚሳፈር ዋናተኛ ለአዘጋጆቹ የሰመጠ ሰው ነው፤ ሌላውን ትተው እሱን ይፈልጋሉ። ደንብ ከሌላቸው፣ ማን እንደቀረ አያውቁም ማለት ነው።

• ለስንት ዋናተኛ ስንት የነፍስ አድን ሰው አለ? የጀልባውን ቁጥር ብቻ አይጠይቁ፤ ስንቱ ካያክ ነው፣ ስንቱ ሞተር ያለው ነው፣ ስንቱ ላይ ኦክስጅንና የልብ ማስነሻ መሣሪያ አለ? ሐኪሙ ውሃ ላይ ነው ወይስ ዳርቻ ላይ ድንኳን ውስጥ? በ2017 በሆንግ ኮንጉ ወደብ ውድድር ሰው ሕይወቱ አልፏል፤ ርቀቱ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አጭር ነው ብለው ጥያቄውን አይተዉት።

• መርከቦቹ ይቆማሉ? ኢስታንቡል ለውድድሩ ሰዓት ቦስፎረስን ለመርከብ ትዘጋለች። ሌላ ወደብ ላይ ግን የሕዝብ ጀልባው በሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። የወደቡ ባለሥልጣን ወይም የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ፈቃድ አለ ወይ? ልብ ይበሉ፦ ፈቃድ ያለው አዘጋጅ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ የሌለው ይቆጣል።

• ውጣ የማለት ሥልጣን የማን ነው? በጀልባዎ ላይ ያለው ሰው "ይበቃሃል" ቢልዎት መከራከር ይችላሉ? ደህናው ውድድር ላይ አይችሉም። የእኔ ምክር ደግሞ እዚያ ጀልባ ላይ የሚያውቅዎትን ሰው ያስቀምጡ ነው፤ እህትዎን፣ የዋና ጓደኛዎን። እንግዳ ሰው የእርስዎን ደህና መልክና የእርስዎን የመዳከም መልክ መለየት አይችልም።

ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ በቅርብ ይዩት። በየግማሽ ሰዓቱ በገመድ የታሰረ ጠርሙስ ይወረውርልዎታል። እርስዎ በጀርባዎ ተንሳፍፈው ለብ ያለ ጣፋጭ መጠጥ በሦስት አራት ጉንጭ ይጨልጡና ጠርሙሱን ይለቃሉ፤ እሱ ገመዱን ይሰበስባል። ጀልባዋን መንካት አይፈቀድም፤ ከነኩ ከውድድሩ ወጡ። እግረ መንገዱን ቀላል ጥያቄ ይጠይቅዎታል፦ የልጅህ ስም ማን ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ክንድዎ በደቂቃ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚስብ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ሰዓት 60 የነበረው 48 ከሆነ፣ መልሱም ከተኮላተፈ፣ ሙቀትዎ ወርዷል። እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት "ደህና ነኝ" ነው የሚሉት። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።

ሰውነትዎ

• ደም ግፊት አለብዎት? ቀዝቃዛ ውሃ ደሙን ከቆዳ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በአንዳንድ ዋናተኞች ላይ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል። ደም ግፊት ያለባቸው የበለጠ ይጋለጣሉ። ምልክቱ ከድካም ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ነው። ይህ ሲታይ ማቋረጥ እንጂ "ትንሽ ልረፍ" አይሠራም። ሐኪምዎ ዘንድ ሲሄዱ "ስፖርት ልሠራ ነው" ብለው አይንገሩት፤ "በ16 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አምስት ሰዓት ልቆይ ነው" ይበሉት።

• የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ተለማምደዋቸዋል? ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲገቡ ትንፋሽ ሳይፈልጉ ይስባሉ፤ ያ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ አደጋ ነው። ከጀልባ ዘለው ይጀምራሉ ወይስ ከዳርቻ እየገቡ? ይጠይቁ፤ በዚያው መንገድ ይለማመዱ።

• ከወጡ በኋላ ምን ይደረግልዎታል? ሙቀት መውረዱን የሚቀጥለው ከውሃው ከወጡም በኋላ ነው። ደህና ሆኖ የወጣ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚንቀጠቀጠው፣ ብርጭቆ መያዝ የሚያቅተው ለዚህ ነው። እርጥቡን ማውለቅ፣ ከነፋስ መከለል፣ ደረቅ ልብስ መደራረብ፣ ለብ ያለ ጣፋጭ ነገር መጠጣት። ወዲያው የሞቀ ሻወር ውስጥ መግባት አይደለም፤ ሊጥልዎት ይችላል። መድረሻው ላይ ሙቅ ክፍል አለ? ልብስዎን ከመነሻው ወደ መድረሻው ማን ያመጣዋል? ልብ ይበሉ፦ ልብስዎ ከእርስዎ በኋላ የሚደርስበት ውድድር አለ።

• ጨውስ? የባሕር ጨው አንገትና ብብትን ይልጣል። ቫዝሊን ወይም ላኖሊን ቅባት ይቀቡ፤ መነጽሩን ግን በተቀቡበት እጅ አይንኩት።

ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ከሆነ

አዲስ አበባ ላይ መሠልጠን ለሳንባ መጥፎ አይደለም። ጨዋማው ባሕርም ከሐይቅ ውሃ የበለጠ ያንሳፍፍዎታል። የማያገኙት ነገር ቅዝቃዜና ፍሰት ነው።

• የት ነው ክፍት ውሃ የሚለማመዱት? ላንጋኖ ቡናማ ስለሆነ ከእጅዎ በታች ሳያዩ መዋኘትን ያስተምራል። ሐዋሳ ጉማሬ አለ፤ የአካባቢውን ጀልባ ነጂዎች ሳይጠይቁ አይግቡ። የትም ቢሆን ብቻዎን አይሁኑ፣ ወገብዎ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ይሰሩ። ልብ ይበሉ፦ ሁለቱም ሐይቅ ለ16 ዲግሪ አያዘጋጅዎትም። ለዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ሄደው እዚያው ውሃ ውስጥ መግባት አለብዎት። ይህ ደግሞ የሁለት ሳምንት ሆቴል ነው።

• ቪዛው ከምዝገባው ይቀድማል ወይስ ይከተላል? የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የቀጠሮ ወረፋውን አይተው ነው የውድድሩን ዓመት የሚመርጡት። ልብ ይበሉ፦ አዘጋጁ የሚጽፍልዎት የግብዣ ደብዳቤ ቪዛ አያሰጥም። ደብዳቤውን ለመጻፍ "ቀድመህ ክፈል" የሚል ካለ ይጠርጥሩ።

• በምን ምንዛሪ ነው የሚከፍሉት? ብር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ስለሚመራ፣ ዛሬ ያሰሉት በጀት ቀሪውን ክፍያ በሚከፍሉበት ወር ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ክፍያው በሁለት ዙር ከሆነ ሁለተኛውን በጥንቃቄ ያስሉት።

ይህን ሁሉ ጠይቀው ጥሩ መልስ ካገኙና አሁንም ልብዎ ከፈለገ፣ ይመዝገቡ። ገና ካመነቱ ደግሞ ብዙ ውድድሮች በቡድን የመቀባበል ምድብ አላቸው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፋፍለው ጀልባውንም ወጪውንም ይጋራሉ። ለመጀመሪያ ዓመት እኔ የምመክረው እሱን ነው።

ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ለአዘጋጁ ይላኩ። ስለ ቆጠራው፣ ስለ ውሃው ሙቀትና ስለ ገንዘብ መመለሱ በጽሑፍ ካልመለሰልዎ አይክፈሉ።